ከዕቅዱ የተሰረዘው ውርጭ

በደርግ ጊዜ ሮቤ ከተማ የችግኝ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ክረምት ጎባ ያለው አለቃዬ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ስድሳ ጃካራንዳ እንድተክል አዘዘኝ። ሐምራዊ አበባውን አዲስ አበባ አይቶ ልቡ ተሰርቆ ነበር። ኅዳር ላይ ከበላይ እንግዳ ስለሚመጣ፣ ችግኞቹ ለምልመው ካልጠበቁት ወደ ቆላ እንደሚያዛውረኝም ነገረኝ። ኅዳር ደግሞ የባለቤቴ መውለጃ ወር ነበር። ፈራሁ።

ፈሪ ዕቅድ ሲጽፍ አንድም ነገር አያልፈውም። «ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮች» በሚለው ሥር ፍየል፣ የገበያ ቀን የጋሪ ፈረስ፣ ከሁሉም በላይ የባሌን ውርጭ ጻፍኩ። አለቃዬ ፍየሉንና ፈረሱን አለፋቸው፤ ውርጩን ግን በቀይ እስክርቢቶ ሰረዘው።

«ጓድ፣ አብዮታዊ ዕቅድ ውስጥ ጥርጣሬ አይጻፍም» አለኝ።

ውርጩ ዕቅዳችንን እንደማያነብ ልነግረው ዳድቶኝ አፌን ያዝኩ። ይልቅ ሠላሳ መጠባበቂያ ችግኝ ከነላስቲኩ ደብቄ መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ጓሮ አስቀመጥኩ። በአማርኛ የጀመሩትን ወሬ በኦሮምኛ የሚጨርሱ ደግ ሰው ነበሩ፤ ማታ ማታ ጆንያ ሊያለብሱልኝ ተስማሙ። ለማንም እንዳይናገሩ አደራ አልኳቸው። ውርጭ ቢመታን በሠላሳው የመንገዱን አንድ ወገን እሸፍናለሁ፤ እንግዳው ወደ ሌላው ወገን እንዳይዞር ማድረጉን ለእግዜር ተውኩት።

እንግዳው ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ውርጩ ወረደ። ጠዋት ስወጣ ስድሳዎቹም የተቀቀለ ጎመን መስለዋል። እየሮጥኩ ሐጂ ዘንድ ደረስኩ። ጆንያውን ስንገልጠው ችግኞቼ ተዋልደው ስድሳ ሆነዋል።

«ወላሂ፣ ግማሾቹ የአለቃህ ናቸው» አሉኝ። «አንተ ባመጣህ በሳምንቱ አመጣ። ለማንም እንዳይናገሩ አለኝ፤ አንተም ብለኸኛል። እኔ ምን ላድርግ ልጄ?»

ወዲያው አለቃዬ ዶማ ይዞ በጓሮው በር ገባ። እኔ በሁለት እጄ ሁለት ችግኝ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ተያየን። ጉሮሮውን ጠረገና ግራውን እኔ፣ ቀኙን እሱ እንድንተክል አዘዘ።

እንግዳው አይቶ አመሰገነ። አለቃዬም የባሌ አየር ለጃካራንዳ እንደተፈጠረ አስረዳው። በማግስቱ ሴት ልጄ እዚያው ሮቤ ተወለደች፤ በደስታ አለቀስኩ። በሳምንቱ ውርጩ ተመልሶ የተከልነውን ጨረሰው፤ ያኔ ግን የሚያይ አልነበረም።

በዓመቱ አዲስ ዕቅድ ይዤ ጎባ ሄድኩ። ውርጩን ደግሜ ጽፌው ነበር፤ ደግሞ ሰረዘው። ወረቀቱን ሲመልስልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐጂ ዘንድ ቦታ ይኖራል?» ሲል ጠየቀኝ።