ዘሃራ ያልበላችው ተምር

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ ሚኒባሱ እንደሞላ ነው። እናቴ ከደጃችን ቀረች። መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ የሸኘችኝ ታላቅ እህቴ ዘሃራ ናት። ዘሃራ የስኳር ሕመም ነበረባት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች። ስኳሯን የምትለካው ግን በወር አንዴ፣ ጤና ጣቢያ ተሰልፋ ነው። ሌላውን ቀን በግምት ትኖር ነበር።

«ወርቅ አልልህም፣ ስልክም አልልህም» አለችኝ በመስኮቱ። «ያቺን ቤት ውስጥ የሚለኩባትን ማሽን ብቻ ላክልኝ።»

«መጀመሪያ የምልከው እሷን ነው።»

«አረብ አገር የገባ ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚጠፋው።»

ጣርማ በር ስንደርስ በረደኝ። ቦርሳዬን ስከፍት ሻርፗን አገኘሁ፤ ሳትነግረኝ ከታዋለች። እሱን ለብሼ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጅዳ።

ሙቀት ለእኔ አዲስ አይደለም፣ የቆላ ልጅ ነኝ። ግን በእኛ አገር ሙቀት ሲበረታ ሰው ከማንጎ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ የሚያልፈውም «እንዴት ዋላችሁ» ይላል። የጅዳ ሙቀት ሰላምታ የለውም። ምሳ ሩዝ፣ እራት ሩዝ፤ የማሽላ እንጀራ በሕልሜ እየመጣ አስቸገረኝ። ሥራዬ ተምር መጋዘን ውስጥ ነው። ፍሬውን እየለየሁ ካርቶን እሞላለሁ።

በሦስተኛው ወር ማሽኑን ገዛሁ። ረመዳን እየደረሰ ስለነበር ሁለት ኪሎ ተምር ጨመርኩ፣ ሁለቱንም በአንድ ካርቶን አሽጌ ወደ አገር በሚገባ የወረዳችን፣ የቀወት ሰው ላክሁ። ዘሃራ በየቀኑ እየደወለች ቁጥሩን ታነብልኝ ጀመር። «ዛሬ መቶ ሃያ ስምንት። ሐኪም ሆኛለሁ፣ ከእንግዲህ ዶክተር በለኝ» ትላለች።

ከዚያ ረመዳን ገባ። በስድስተኛው ቀን ሞተች።

እናቴ የነገረችኝ ይህን ነው። ዘሃራ ሐኪም ስለከለከላት አትጾምም፣ ግን ማፍጠሪያ ሲደርስ ከእናቴ አጠገብ ትቀመጣለች። የእናቴ ጥርስ ስላለቀ ተምሩን በጣቷ እየፈለቀቀች፣ ፍሬውን እያወጣች ታጎርሳታለች። ያን ቀንም እንዲሁ አደረገች። እጇን በሻሿ ጠረገችና ተለካች። አራት መቶ አሥራ ሁለት። ከፍ ሲል እንዲህ አድርጊ ብለው ጤና ጣቢያ በነገሯት መሠረት ኢንሱሊኑን ጨመረች፣ እራቷን ቀነሰች፣ ደከመኝ ብላ ተኛች። ሌሊት እናቴ የሱሁር ምግብ እንድታቀርብላት ስትቀሰቅሳት አልነቃችም።

«ቀደር ነው ልጄ፣ አላህ የጻፈላት ነው» አለችኝ እናቴ። ማሽኑን የላክሁት ግን እኔ ነኝ። ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም? ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ከመጋዘን እንደወጣሁ ወደ ሸጠልኝ ፋርማሲ ሄድኩ።

«ያ ዶክቶር፣ የሸጥክልኝ ማሽን ይሳሳታል?» አልኩት በአረብኛ።

«ሁሉም ማሽን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። የተፈቀደ ነው።»

«ማን ነው የፈቀደለት?»

«ሕጉ።»

የእኔ መኖሪያ ፈቃድ አንድ ቀን ቢያልፍ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ የሚለኝ የለም። ለማሽኑ ግን ተፈቅዷል።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ትንሽ ነው?»

«ያ ሐበሺ፣ ሱቄ ውስጥ አትጩህ። ማሽኑ ደህና ነው። እንካ፣ በራስህ ሞክረው።»

ጣቴን ወጋሁ። ሦስት መቶ ስድሳ አለ። ሰውየው ደነገጠ፣ ከዚያ እጄን አየው።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ተምር።»

ወደ ጓዳ ወስዶ በሳሙና አስታጠበኝ። አደረቅሁና ሌላ ጣት ወጋሁ። ዘጠና አንድ።

«የለካው ጣትህ ላይ የነበረውን ስኳር ነው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

ዘሃራም ያልጨመረ ስኳር ልታወርድ ነው ኢንሱሊኑን የጨመረችው። ወረቀቱን ዘረጋልኝ። በስንት ቋንቋ ተጽፏል መሰላችሁ። በእኛ የለም። ሲሸጥልኝ ስለ ባትሪው አውርቶኛል፣ ስለ ዋስትናው አውርቶኛል። እጅ ይታጠባል ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ጤና ጣቢያ ነርሷ የዘሃራን ጣት በአልኮል ጠርጋ ነው የምትወጋት፤ ለምን እንደምትጠርግ አንድ ቀን አልነገረቻትም። እኔስ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እንግሊዝኛውን እየተንተባተብኩም ቢሆን አነበው ነበር። ሳልገልጠው አሽጌ ላክሁት።

እናንተ ማሽን የምትልኩ፣ ይህን አንብባችሁ ለሚለካው ሰው ንገሩት። ለእናቴ ግን እንዳታነቡላት። ትናንት ደውላ ነበር።

«ጎረቤታችንን እትዬ ፋጡማን ስኳር አለብዎት ብለዋቸዋል። የዘሃራን ማሽን ልስጣቸው?»

«ስጫቸው እማዬ። ግን ከመለካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁም።»

«ዘሃራ እኮ ታጥባ ነበር። ውዱእ አድርጋ ነው አጠገቤ የተቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ምን ነካች? ለእኔ ተምር ከመፈልቀቅ በቀር።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

«ሰይድ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም።»

«ታዲያ መታጠቡ ለምንድን ነው?»

ሳይነግሩን ቀሩ ብዬ ስንቱን ስረግም ከርሜያለሁ።

«ማሽኑ እንዳይቆሽሽ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አለች። ስልኩን ሳትዘጋ ደግሞ፣ «ተምሩ ግማሹ አለ። ማን ይፈለቅቅልኝ ብለህ ነው» አለችኝ።