የሣራ ቤት፣ የሣር ቤት

ይታገሱ የተባለ የፍኖተ ሰላም ኬክ ጋጋሪ፣ በአንድ የሠርግ ኬክ ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታ መጻፏን አየ፤ ትታረም ሲባል እንቢ አለ፤ ስሕተቱ ሰው ባዋረደ ጊዜም «እንዲህ ተብሎ ይጻፍ ያሉኝ የሙሽራዪቱ አባት ናቸው» ብሎ መሰከረ። ሦስቱንም ያደረገው አውቆ ነው።

የሙሽራዪቱ አባት መሪጌታ እጅጉ ናቸው። የተወለዱት በደጋ ዳሞት፣ ከፈረስ ቤት ማዶ ነው። በልጅነታቸው ከቤት ወጥተው፣ ከመምህር ወደ መምህር እየተሻገሩ ቅኔ ቆጠሩ፤ አስመስክረውም ከፍኖተ ሰላም የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ ደብር ጉባኤ ዘረጉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተማሩ። በጉባኤያቸው የማይላላ አንድ ሕግ ነበር፦ በቅኔ ሰው አይሰደብም። አንድ ጊዜ እጅግ የሚወዱት ተማሪ ቁራሽ የከለከለችውን ባልቴት በሰሙ አመስግኖ በወርቁ ዘለፋት። የሰማው ሁሉ ሳቀ፤ ባልቴቲቱም የተመሰገነች መስሏት አብራ ሳቀች። መሪጌታ ተማሪውን በማግስቱ አሰናበቱት። «በግልጽ የተሰደበ ሰው ከዳኛ ፊት ይቆማል፤ በቅኔ የተሰደበ ግን ይግባኝ የለውም» ነበር ያሉት።

አንዲት ልጃቸው ሜላት ፍኖተ ሰላም ከተማ ባዮሎጂ ታስተምራለች። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ቴዎፍሎስ ከሚባል የቡሬ ልጅ ጋር ልትጋባ ቀን ተቆረጠ። የቴዎፍሎስ አባት አቶ ወንዳወቅ የበቆሎ ነጋዴ ናቸው፤ ዛሬ ፎቅ ያላቸው፣ ትናንት ግን ምንም ያልነበራቸው። ከገጠር ወደ ቡሬ በገቡበት ዘመን የጎረቤቱ ቤት ሁሉ ቆርቆሮ ሲለብስ የእሳቸው ጎጆ ብቻ ሣር ለብሳ ቀረች። የከተማው ቀልደኛም «ሣር ቤቱ» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙ ከጎጆዋ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። አቶ ወንዳወቅ ፊት ግን ማንም አይጠራውም።

ተክሊሉ ፍኖተ ሰላም፣ ግብዣው ቡሬ እንዲሆን ተስማሙ። አቶ ወንዳወቅ ኬኩ ከባሕር ዳር ይምጣ ሲሉ መሪጌታ፣ «ሁሉን እናንተ ደገሳችሁ፤ ኬኩን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ» ብለው ለመኑ።

«ቀምሰው ለማያውቁት ነገር ምን አስጨነቀዎ?» አሏቸው ባለቤታቸው ወለተ ኢየሱስ።

«የሙሽራ አባት ከወንዱ ቤት ግብዣ አይገኝም። ኬኩ ላይ ይጻፋል አሉ። እኔ ባልገኝ ቃሌ ይገኝ።»

ከጥምቀት በፊት በነበረው ማክሰኞ ረፋድ ወደ ይታገሱ ኬክ ቤት ገቡ። በመስታወቱ ውስጥ አረንጓዴና ሐምራዊ ኬኮች ተደርድረዋል፤ በአንደኛው ላይ ዝንብ ቆማ የፊት እግሮቿን ታፋትጋለች። ይታገሱ በጣቱ እሽ አላትና ያንኑ ጣቱን በሽርጡ ጠርጎ እጃቸውን ጨበጠ።

«ይግቡ የኔታ። ልጅዎን ሊድሩ ነው አሉ።»

«እግዚአብሔር ከፈቀደ።»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያቸው ጀመር። «ይቺን ይዩ፤ ባለ አምስት ፎቅ። ለደንበጫ ሰው የሠራኋት።»

«አምስቱን ፎቅ ማን ይጨርሰዋል?»

«ኧረ የሚበላው ሁለቱ ነው። የቀረው ካርቶን ነው፤ ክሬም ቀብተነው።»

«ካርቶን ለሰው ታቀርባለህ?»

«ለፎቶ ነው እንጂ የኔታ። ሰው መጀመሪያ በዓይኑ ነው የሚበላው።»

«ለዓይኑ ካርቶን ካበላኸው ለሆዱ ምን ልትሰጠው ነው?»

ይታገሱ ሳቀ። ለገባ ለወጣው ሁሉ በእኩል የሚታደል ሳቅ ነበር። ከዚያ በማንኪያ ክሬም ጨልፎ ዘረጋላቸው። መሪጌታ ቀመሱ። ቅባቱ ከላንቃቸው ተለጥፎ አልወርድ፣ አልወጣ አለ፤ የሰው ቤት ነውና ሊተፉት አልቻሉም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡት።

«ጣፋጭ ነው» አሉ፤ አልዋሹም። «ሦስት ደርብ ይሁን፤ ሦስቱም የሚበላ። ነጭ ይሁን፤ ልጄ ሮዝ አልወድም ብላለች።»

ከዚያ ከካባቸው ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በራሳቸው እጅ፣ በጥቁር ቀለም የተጻፈው ቃል ይህ ነው፦ «ቤታችሁ የሣራ ቤት ይሁን።» ቃሉን ለማግኘት አራት ቀን ፈጅተዋል። ሦስቱ እንግዶች በአብርሃም ድንኳን በቆሙ ጊዜ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ የጋገረች ሣራ ናት። ለሠርግ እንግዳ በሚቆረስ ባለ ሦስት ደርብ ኬክ ላይ ከዚህ የተሻለ ምርቃት አይገኝም። እንግዳ አይታጣበት፣ ልጅ አይጥፋበት ማለት ነው።

«አንብብልኝ» አሉት። ይታገሱ አነበበ። «ድገመው።» ደገመ።

«ሣራ የአብርሃም ሚስት ናት። ሣርም የሚጻፈው በዚያው በንጉሡ ሠ ነው። የሚለያቸው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት፤ ራብዕ ናት፣ ራ። ሳድስ ከሆነች ግን ሣር ትሆናለች፤ ምርቃቱም እርግማን ይሆናል። ሰው በጠላቱ ቤት ሣር ይብቀልበት ይል የለም?»

«ገብቶኛል የኔታ። ራ። ምንም አያስቡ።»

ክሬሙን የምታስጌጠው ፍሬሕይወት የምትባል ሠራተኛ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ይህን ሁሉ ሰምታለች። በሠርጉ ዋዜማ ቃሉን የጻፈችውም እሷ ናት። «ሣራ» በምትለዋ ቃል የመጨረሻ ፊደል ላይ ስትደርስ የክሬሙ ከረጢት አፈተለከባትና ራ የነበረችው ር ሆና ቀረች። ሠራተኛ ይሳሳታል፤ በዚህ የምትከሰስ ሴት አይደለችም። ስሕተቷን ወዲያው አይታ ለአሠሪዋ ተናግራለችና።

«ጋሼ ይታገሱ፣ ሣራ የምትለዋ ሣር ሆናብኛለች። ልፋቃትና እንደገና ልጻፋት።»

«ከፋቅሽው ነጩ ይቆሽሻል። መኪናው ደጅ ቆሟል።»

«እሳቸው እኮ ሁለቴ አስነብበዋል፤ እኔም ሰምቻለሁ።»

«ኬክ ይቆረሳል እንጂ አይነበብም። ዝጊው።»

ካርቶኑን የዘጋው ግን ራሱ ነው።

መሪጌታ የሆነውን ያወቁት ሰኞ ጧት ነው። ቀድሞ ተማሪያቸው የነበረው፣ ዛሬ መራዊ የሚያስተምረው አዛናው፣ ስልኩን ይዞ መጣ። በምስሉ ላይ የቡሬው ዳስ ይታያል፤ ሜላት በነጭ ልብስ፣ ከፊት ወንበር አቶ ወንዳወቅ በካባ። የመድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ይዞ በኬኩ ላይ ጎንበስ አለና አነበበ።

«ቤታችሁ የሣር ቤት ይሁን።» ቀና ብሎ ዳሱን ቃኘ። «እንግዲህ ይህ የመሪጌታ የእጅጉ ቃል ነው። ሰሙን እኔ አነበብሁ፤ ወርቁን የቡሬ ሰው ይፈልግ።»

«ወርቁማ ከፊት ወንበር ተቀምጧል» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ከሚስቁት የሚበዙት ፊደል የቆጠሩ፣ ደመወዝተኛ፣ ነገሩ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ የማያንሱ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ኬኩ ተቆረሰ። አንዱ ያው ቃል የተጻፈበትን ቁራሽ በጣቱ አንሥቶ ጎረሰ፤ ክሬም በጢሙ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አፉን ሳይጠርግ፣ ያላመጠውን እያሳየ ይስቃል። አቶ ወንዳወቅ አልሳቁም፤ አልተነሡምም። የተሰጣቸውን ሳሕን በጉልበታቸው ላይ እንደ ያዙ መሬት መሬት ያያሉ።

«ራ ነው» አሉ መሪጌታ ለስልኩ። «ራ ብዬዋለሁ።»

አዛናው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አገሩ ሁሉ ግን እያደነቀ ነው፣ የኔታ» አላቸው።

«አንተም እኔ ያልሁት መሰለህ?»

አዛናው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ረቡዕ ጾም ነውና መልሱ ለሐሙስ ተቀጥሮ ነበር። ሙሽሮቹ ከነአጃቢያቸው ወደ ሴቷ ቤት የሚመለሱበት ቀን ነው፤ ሰንጋ ታርዶ፣ ጠላው ተጣርቶ፣ ደጁ ተጠርጎ ተጠበቀ። አንድም ሰው አልመጣም። ወጡን ጎረቤት ተካፈለው። ማታ ሜላት ደወለች።

«አባዬ፣ ጋሼ ወንዳወቅ ከዚህ ቤት ማንም እግሩን ወደዚያ አያነሣም አሉ። ቴዎፍሎስም ከአባቴ ቃል አልወጣም አለኝ።» ከዚያም፣ «አውቀው ነው እንዴ?» አለቻቸው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማሩት ሕግ በገዛ ቤታቸው ያደገችውን ልጅ እንኳ አላሳመነም ነበር። «አውቄ አይደለም፣ ልጄ» ብለው ስልኩን ለእናቷ ሰጡ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ቡሬ ላይ፣ በአንድ ደብር ቅጥር ግቢ ተቀመጡ። ይታገሱ ተጠርቶ ቆመ። የተናገረው በጥንቃቄ መመርመር አለበት፤ ከቃሎቹ የሚበዙት እውነት ናቸውና።

«እኔ ጋጋሪ ነኝ፤ የሊቃውንት ነገር አላውቅም። እንደታዘዝሁት አስጻፍሁ። ስለ ሣሩ ሳይቀር አስረድተውኛል። ‹ሣር ትሆናለች፤ ምርቃቱም እርግማን ይሆናል› ብለውኛል። ዋሸሁ ካሉ ይጠየቁ።»

መሪጌታ ተጠየቁ። «ብዬዋለሁ፤ ግን እንዳይሳሳት ነው» አሉ።

«ወረቀቱስ የት አለ?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ክሬም ነካው፤ ተጣለ» አለ ይታገሱ።

ከዚያ ፍሬሕይወት ማንም ሳይጠራት ተነሣች። ስሕተቱ የእጇ መሆኑን፣ ልታርም ስትል መከልከሏን፣ ይታገሱ የመለሰላትን ቃል አንድ በአንድ ተናገረች። አቶ ወንዳወቅ ሰምተዋት ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት።

«የየት ደብር ልጅ ነሽ?»

ነገረቻቸው። መሪጌታ የሚያገለግሉባት ደብር ናት።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ወንዳወቅ፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያች አንዲት ቃል ምስክርነቷ ወደቀ።

ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሩ። «የኔታ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የቡሬ ሰው ያወጣልኝን ስም ሰምተው ያውቃሉ?»

«አልሰማሁም» ቢሉ ነገሩ በዚያው ሊበርድ ይችል ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲህ እንዲሉ በዓይኑ ጠቅሷቸዋል። መሪጌታ ግን ስሙን አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ሰምተው ተናጋሪውን ገሥጸውት ነበር፤ ያንን የሚያስታውስ ምስክር የላቸውም፤ ሐሰት ደግሞ ለምደው አያውቁም።

«ሰምቻለሁ» አሉ።

ከዚያ ወደ አቶ ወንዳወቅ ተጠግተው ቀጠሉ።

«ወንዳወቅ፣ እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በሣር ጎጆ ነው። የምተኛው ከተማሪዎቼ ጋር በሣር ሥር ነው። ሣር ለእኔ ስድብ አይደለም።»

«እርስዎ መርጠው ነው የኔታ። እኔ አጥቼ ነበር።»

«በፊደል ተሳስተው ነው ልንል ነው እንዴ?» አለ በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ፣ ሳቁን በኩታው እየሸፈነ። «ሌላ ሰው ቢሆን ባመንን። የቅኔ መምህር ፊደል ሳተው ብንል ማን ይሰማናል?» ሽምግልናው በዚህ ተበተነ። መሪጌታ ባያውቁ ኖሮ ነጻ ይወጡ ነበር፤ የተፈረደባቸው በማወቃቸው ነው።

መሪጌታ ወደ ይታገሱ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሱ። የኬኩ ፎቶ ትልቅ ተደርጎ ታትሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «የቅኔ ኬክ እናዘጋጃለን» ተብሏል። ሁለት ወጣቶች የቢሯቸውን ኃላፊ በልደቱ ቀን የሚወጋ ቃል ለማጻፍ እየተማከሩ ነበር።

«እውነቱን ለአንድ ሰው ብቻ ንገርልኝ» አሉት። «ለወንዳወቅ። ለሌላው አልለምንህም።»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ስም አወጣሁልዎ እንጂ አላጠፋሁም። እስከ አዴት ድረስ ነው ሰዉ የሚያደንቅዎ።»

«አድናቆቱን ውሰደው። ልጄን መልስልኝ።»

«ይቀመጡ እስኪ፤ ቁራሽ ይቅመሱ። በቤቱ ነው፣ ግብዣ ነው።» ሳሕኑን ገፋ አደረገላቸው። የክሬሙ ሽታ አፍንጫቸው ሲደርስ በኩታቸው አፋቸውን ይዘው ወጡ። ከበሩ ማዶ፣ ከግንቡ ሥር፣ ሰው እያየ አስመለሳቸው።

ፍሬሕይወት በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናብታ አዴት ወደሚኖሩ ዘመዶቿ ሄደች። መሪጌታ ማስተማራቸውን አልተዉም፤ በክብረ በዓል ግን ቆመው ቅኔ አይቀኙም፤ በተነሡ ቁጥር ሰዉ ማን ሊሰደብ ነው እያለ ዙሪያውን ይቃኛልና። ሜላት ኅዳር ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ቡሬ ላይ ክርስትና ስትነሣ የእናቷ ወላጆች አልተጠሩም፤ ወለተ ኢየሱስ የክርስትና ስሟን የሰሙት ከገበያተኛ ነው። ይታገሱ ለአቶ ወንዳወቅ የነገራቸው ነገር የለም። ሽማግሌዎቹም ከዚያ ወዲህ አልተቀመጡም። መሪጌታ እጅጉ የልጅ ልጃቸውን እስከ ዛሬ አላዩም።