ጠላት አፍ ሲያወጣ

ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ አልወደውም። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር ባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ ነበር። ከጅቡቲ አንድ ሳጥን ይዞ መጣ፤ ውስጡ በፈረንሳይኛ የተጻፈ መጽሐፍና ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነበረበት። ጨዋታው ሁሉም የየራሱን ጀግና ፈጥሮ በምናብ አገር የሚዘዋወርበት ነው። ባለሳጥኑ ታሪኩን ይተርካል፣ ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይናገራል፣ መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይፈርዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ሆነን እሱ ቤት በርጫ እንቀመጥ ነበር። ጫቱ መሃል፣ በአሮጌ የጭነት ወረቀት ጀርባ የተሣለው ካርታ ደግሞ ከጫቱ አጠገብ።

ውጊያ ሲመጣ ግን አበሳችንን እናያለን። ሰውዬው ሃያ ሽፍታ በሃያ ቆርኪ ይደረድርና እያንዳንዱን በተራ ያንቀሳቅሳል፣ ለእያንዳንዱ ዳይስ ይጥላል፣ መጽሐፉን ያገላብጣል። ያንተ ተራ እስኪደርስ ምርቃናህ ይጠፋል። እጅህን ሳታወጣ ከተናገርክ ደግሞ ይቆጣሃል። ስብሰባ አንሶን ነው? በሳምንቱ መሃል ቀበሌ፣ ቅዳሜ ደግሞ እሱ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከአምስታችን አንዱ የሆነው ጎረቤቴ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። ልጁን ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከወሰዱበት ወዲህ ከሚስቱ ጋር እንኳ አያወራም። ከቤት የምታስወጣው ያቺ ቅዳሜ ብቻ ነበረች። እዚያም ማንቀላፋት ጀመረ። አንድ ቀን ስንወጣ፣ ከእንግዲህ አልመጣም አለኝ። ቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ታየኝና ፈራሁ።

ዝምታ ለበግም አልበጃት ብዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውዬውን ፊት ለፊት ተናገርኩት። የሚያስጠላው ጨዋታው ሳይሆን አንተ ነህ አልኩት። ተሰዳደብን። ሌሎቹ ከእኔ ጋር ሲቆሙ ቆርኪዎቹን ጭኔ ላይ በተናቸውና ጠላቶቹን አንተ ያዛቸው አለኝ። መጽሐፉን ግን አልለቀቀም።

ቆርኪዎቹን አምስት አምስት አድርጌ በአንድ ዳይስ አንቀሳቀስኳቸው። አንድ ቅጠል አኝኮ እስኪጨርስ ያልወሰነ ተራው ይለፈው አልኩ። ውጊያው መግደል ብቻ እንዳይሆን፣ በሩ ሳይዘጋ መድረስን ወይም ድልድዩን ከቃጠሎ ማዳንን ጨመርኩበት። ከሁሉ በላይ ለጠላቶቹ አፍ ሰጠኋቸው። አንዱ በሶማልኛ ይሳደባል፣ አንዱ በሐረሪኛ ይሟገታል፣ የፈራው ሰይፉን ጥሎ ይሮጣል። ቤቱ በሳቅ ይናጥ ጀመር። ጎረቤቴ ከሁላችን ቀድሞ የሚመጣ ሆነ፤ ሲስቅም አየሁት። ባለሳጥኑ ጥጉን ይዞ፣ ጠላት ደግሞ ምን አፍ አለው እያለ ያጉረመርም ነበር። ቅናት ያሳበደው ብዬ ናቅኩት።

አንድ ቅዳሜ የጎረቤቴ ጀግና አንድ የሚሸሽ ሽፍታ አባሮ ግንብ ሥር አጣበቀው። ልቤ አብጦ ነበር። በኦሮምኛ፣ በጎረቤቴ የቤት ቋንቋ፣ አባቴ ይጠብቀኛልና አትግደለኝ እያልኩ በሽፍታው አፍ ለመንኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤቴ ዳይሱን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

አርባ ማለት እችል ነበር። ጨዋታውን ላሳምር ብዬ፣ «ገና አሥራ ስምንቱ ነው፤ ከቤቱ በግድ ነው ያመጡት» አልኩ።

ዳይሱን ፊቴ አስቀመጠው።

«እንግዲያው አንተ ግደለው» አለና ጫማውን አጥልቆ ወጣ። የራሱን ጫት እንኳ አልያዘም። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቤት አልተመለሰም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝም በእጁ ብቻ ነበር ሰላም የሚለኝ።

ያኔውኑ ተነስቼ ልከተለው ይገባኝ ነበር። ባለሳጥኑ ግን እጁን ሰዶ ዳይሱን አነሳ፣ ጣለ፣ መጽሐፉን አየና ቆርኪዋን ከካርታው ላይ አነሳት።

«ሞቷል» አለ። «ወሪያ አንተ፣ ቀጥል እንጂ፤ የጠላት ተራ ነው።»

ሌሎቹ እያኘኩ ይጠብቁኝ ነበር። የቀሩትን ቆርኪዎች አንቀሳቀስኩ።