ደግት ያለበት እጁን ያውጣ

ካርቱም ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ብዙ ዓመት በዘበኝነት ተቀምጫለሁ። ትምህርቴ ፊደል ከመለየት አላለፈም፤ የዐረቢኛ ማስታወቂያ ሲለጠፍ የምታነብልኝ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የአገሬ ልጅ ነበረች። ሳጃና በሚባለው የካርቱም ሰፈር ተወልዳ ስላደገች ዐረቢኛው ይቀናታል።

አንድ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ «ጋሼ፣ ነገ ስልጠና አለ። ስለ ደግት ነው ይላል፤ ስለ ጠብም። ሁሉም ይምጣ ተብሏል፣ እርስዎም» አለችኝ።

ደግት! እዚያ አገር ደግት ሲሉህ የደም ግፊት ነው። እኔ ደግሞ አለብኝ፤ ኪኒኔን ከበሩ ኋላ ተደብቄ ነው የምውጠው። ከእኔ በፊት የነበረውን ዘበኛ፣ ኩላሊቱን መታመሙን ሲሰሙ «ያላ፣ ዕረፍ» ብለው ነው ያሰናበቱት። የመኖሪያ ወረቀቴ ደግሞ በዚያ ሥራ የተንጠለጠለ ነው። ስልጠና ብለው በሽተኛ ሊለቅሙ ነው አልኩ በልቤ። ኪሴን ቢፈትሹስ ብዬ በማግስቱ ኪኒኑን ቤት ትቼው ሄድኩ፤ ከጭንቀቴ የተነሣ መዋጡንም ረሳሁት።

አሠልጣኟ ለስላሳ ሴት ናት። እንዲህ የለሰለሰ ሰው አላምንም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ፣ «ደግት ያለበት እጁን ያውጣ» አለች። ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ወደ እኔ ዞረች። «ያ ሐጅ፣ ቀኑን ሙሉ ባለጉዳይ ይጮህብሃል። ደግት የለብህም?»

ክርስቲያን ብሆንም፣ ሽማግሌ ሁሉ እዚያ ሐጅ ነው።

«ወላሂ የለብኝም! ፈረስ ነኝ።»

ሳቁ። «እንግዲያ ፈረሱ ይምጣ» ብላ አስነሳችኝ። ሙዲሩ እንደ ተቆጣ ባለጉዳይ ይጩህብህ፣ አንተ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ አብርደው አለችኝ። ሰውየው የምሩን ጮኸ። «ይረጋጉ ጌታዬ» ልል አፌን ስከፍት ክፍሉ ዞረብኝ፤ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ።

«አያችሁ፣ ደግት ማለት ይህ ነው፤ የሥራ ጭንቀት!» አለች አሠልጣኟ ደስ ብሏት።

የአገሬ ልጅ ውሃ ይዛ ጎንበስ አለችና በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ለካ ጭንቀት ማለቷ ነው። ኪኒንዎስ?»

«ቤት።»

«ጎሽ የኔ ፈረስ!»

ሙዲሩ ደግፎ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። አለቀልኝ አልኩ። በሩን ዘጋ፤ ግራ ቀኝ አየ፤ ከደረት ኪሱ የኪኒን ማሸጊያ መዘዘ። ቀለሙ የኔው ነው።

«ያንተ እውነተኛው ደግት ነው፣ አይደል?» አለኝ። «እኔም አለብኝ። ለማንም እንዳትናገር።»

«እርስዎም አይናገሩብኝ» አልኩት።

ስንመለስ ሴትዮዋ አጎንብሳ ትጽፋለች። ሁለታችንም አንገታችንን አሰገግን።

«ምን ጻፈች?» አልኩት በሹክሹክታ።

«መነጽሬን አልያዝኩም» አለኝ።

ጦርነቱ እስኪበትነን ድረስ በዚያ በር ተቀመጥኩ። ሙዲሩ ጠዋት ሲገባ፣ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «ዋጥክ?» ይለኛል።

«ዋጥኩ፤ እርስዎስ?»