የጋሽ ወልደሰንበት ክቦች

በቀይ ሽብር ዘመን ኮልፌ ፊዚክስ ያስተማሩን ጋሽ ወልደሰንበት ፈሪ ሰው ነበሩ። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በኩል ተኩስ በተሰማ ቁጥር ጠመኔው ከእጃቸው ይወድቃል።

አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ክብ ሣሉና «ኒውትሮን የምትባል ቅንጣት የዩራኒየምን አስኳል ስትመታው ለሁለት ይሰነጠቃል። ከቁሱ ጥቂት ይጎድላል፤ ኃይል ሆኖ የሚወጣው ያ የጎደለው ነው። አዳዲስ ኒውትሮኖችም ፈልቀው ሌሎችን ይመታሉ፤ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይቀጥላል» አሉን። አንዱ ክብ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ ሰሌዳውን ሞሉት።

ለካ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ደመላሽ በመስኮት ያያል! ያ መዓተኛ፣ ክቦቹ የኅቡዕ ፓርቲ ህዋሶች መስለውት ጠመንጃውን ወድሮ ገባ።

«የማን መዋቅር ነው? ከላይ ያለው ማነው?»

«የአቶም ነው፣ ጓድ።»

«አትቀልድብኝ! አንድ ስም ብቻ ስጠኝ፤ ሌሎቹን እሱ ራሱ ያወጣቸዋል።»

ከመካከላችን በስውር ወረቀት የሚበትኑ እንዳሉ ጋሽ ወልደሰንበት ያውቃሉ። አንድ በአንድ አዩን። እየተጎተቱ ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉና «ልጆች፣ ሰንሰለቱ የሚቆመው ኒውትሮኗን የሚውጥ ዘንግ መሀል ሲገባ ነው» አሉ።

ተራችንን እየጠበቅን በፍርሃት ከረምን። ከክፍላችን የተያዘ አልነበረም፤ እሳቸውም አልተመለሱም።