የገበያ በግና የቤት ፍየል

በመጀመሪያ በደሉን ላስመዝግብ። ቢሯችን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሠንጠረዥ ፍየል ከበግ ጋር ተወዳደረችና ያለ አግባብ ተሸነፈች። እንስሳቱ ሲለኩ ሜትሩን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሥራዬ በእንስሳት እርባታ ቢሮ እንስሳ መያዝና መለካት ነበር። የጀመርኩት ማንኩሳ ነው፣ የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ቁጥር አነባለሁ፤ የምትራገጥ በቅሎም አልፈራም። ኃላፊያችን አቶ ይርሳው የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት በቅሎ አቀረቡልን። ተዳፋት ላይ አቁመው ቁመቷን ሊለኩ ሲሉ ልጓሟን ይዤ ከለከልኩ።

«የፊት እግሯ እኮ ጎድጓዳ ላይ ነው! ሜዳ ላይ ትቁም። እንዲህማ ከሆነ እኔም ድንክ ነኝ» አልኩ።

አቶ ይርሳው ሳቁ። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ አሉ! እማማ አትጠገብ፣ ገና ስምዎን እንኳ አልመዘገብን።»

በቅሎዋ ግን ሜዳ ላይ ተለካች።

ሥራው ሥርዓት አለው። እንስሳው በአራት እግሩ እኩል ይቆማል። ሜትሩ ከፊት እግሮቹ ኋላ በደረቱ ዙሪያ ይዞራል፤ አያንቅም፣ አይላላም። እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ባለሙያችን ትዕግሥት፣ የቡሬ ልጅ ናት፣ ደግማ ጠርታ ትጽፋለች። ቢሮ ስንመለስ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ታደርገዋለች። የእንስሳቱ ስም ወደ ታች ይደረደራል፤ ቁመት፣ የደረት ዙሪያ፣ ክብደትና የጆሮ ርዝመት ወደ ጎን። በየሳጥኑ የሚገባው አማካዩ ነው። በጆሮው ዓምድ አህያን የደረሰባት የለም፤ ባየነው ቁጥር እንስቅ ነበር።

በግና ፍየልን የለካነው ጅጋ፣ ለበዓል በቆመ ገበያ ነው። ብዙ እንስሳ አንድ ቦታ ስለሚገኝ ይቀላል። ሠንጠረዡ ሲወጣ በግ በክብደትም በደረትም ፍየልን ጥሏት ሄዷል።

አቶ ይርሳው አይተው «እንግዲያው ለሴቶች ማኅበሩ በግ ይሰጣል» አሉ።

ማኅበሩ የእኛ ቀበሌ ሴቶች ማኅበር ነው። ቢሯችን የሚያረቡት እንስሳ ሊሰጣቸው ነው፤ የለመኑት ፍየል ነበር። መሬታቸው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ቁጥቋጦ እንጂ ሣር የለውም። በግ እዚያ ምን በልቶ ሊያድር?

ጎረቤቴ ይታይሽ የማኅበሩ አባል ናት። ጅጋ ገበያ ለመለኪያ ያመጣችው ፍየል አጥንቷ የሚቆጠር ነበር።

«አንች፣ ያች መንታ የወለደችው ቀይዋስ?» አልኳት።

«እቤት ትቻት ነዋ። የገበያ ሰው ሁሉ በዓይኑ እንዲበላት ነው?»

«በግሽን አውጥተሽ የለም እንዴ?»

«እሱማ ሊሸጥ ነበር። መስባቱ ካልታየ ማን ይገዛዋል?»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የበጉን ረድፍ የሞሉት ለሽያጭ የተቀለቡት ናቸው፤ የፍየሏን ረድፍ የሞሉት ደግሞ ባለቤታቸው ዓይን ይገባቸዋል ብሎ የማይሳሳላቸው።

በማግሥቱ ለአቶ ይርሳው ነገርኳቸው።

«ባለቤቷ የደበቃትን እኔ ከየት ላምጣት?» አሉ።

«ቤቷ ድረስ ሄዶ መለካት ነዋ።»

«ፍየል ጠበቃ ቀጠረች በሉኛ! ሠንጠረዡ እኮ ለዞኑ፣ ፍኖተ ሰላም ተልኳል።»

«የሄደ ይመለሳል። ለበግም እከራከራለሁ፤ እሱም በቤቱ ይለካ። አንዱን በክት ልብሱ፣ ሌላዋን በአዘቦት ልብሷ አቁሞ ውድድር የለም።»

አቶ ይርሳው ሠንጠረዡን ደግመው አዩት። በኋላ ሜትሩን አንስተው ሰጡኝ። «የሚያደክሙን እርስዎ ነዎት፤ ከፊት ይሂዱ።»

መጀመሪያ ይታይሽ ቤት ገባን። ቀይዋ ፍየል ከበረት ስትወጣ ትዕግሥት ሳታስበው «ወይኔ ስታምር!» አለች።

ይታይሽ ጮኸች። «እንትፍ በይባት! አሁኑኑ!»

ትዕግሥት ደንግጣ እንትፍ አለችባት። ፍየሏም የሜትሩን ጫፍ ማኘክ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ በየቤቱ ሥርዓታችን ይኸው ሆነ፤ መለካት፣ መጥራት፣ እንትፍ ማለት፣ መጻፍ። ወሬው ቀድሞን ስለሚደርስ የሚደብቅም ጠፋ።

አዲሱ ሠንጠረዥ ሲወጣ ፍየል በቁመት በልጣለች። በክብደትና በደረት በግ አሁንም ይቀድማል፤ ግን ያ ሁሉ ርቀት ጠቦ ለጥቂት ነው።

«በደረት መበለጧ ከፋዎት፣ እማማ?» አለችኝ ትዕግሥት።

«ምን ይከፋኛል? በአግባቡ ተለክታ ተበለጠች። የምከራከረው እንድትለካ እንጂ እንድታሸንፍ አይደለም።»

ከሥራው የያዝኩት ይህን ነው። ሁለት ነገር የሚያወዳድር ሰው፣ ቁጥሩን ከማየቱ በፊት ሁለቱም ከየት እንደመጡ ይጠይቅ።

አቶ ይርሳው አዲሱን ሠንጠረዥ በራሳቸው እጅ ግድግዳው ላይ ለጠፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልዩነቱ ይህን ያህል ካነሰ ምርጫው የሴቶቹ ነው። ፍየል ይሰጣቸዋል። በሉ አሁን እንትፍ ይበሉበት።»