የሙሽራዋን ቬሎ ይዛ መንገድ ላይ የቀረችው ቀይ መኪና

ዛሬ የሙሽራዋን ቬሎ ይዘን መሃል መንገድ ላይ ቆመን ቀረን!

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ባመጣት ቀይ የስፖርት መኪናው ከቢቸና ወደ ሞጣ፣ ወደ እህቴ ልጅ ሰርግ እየሄድን ነበር። ሞተሩ ጋለና ቆመች። ጠዋት ጢም ብሎ የተሞላው ራዲያተር ባዶ ነው፤ ከስር ጎንበስ ብለን ብናይ አንዲት ጠብታ የለም!

እስኪበርድ ጠብቀን የመጠጥ ውሃችንን ሰጠናት። ትንሽ ሄዳ ደግማ ቆመች። ሙሽራዋ ትደውላለች፤ እኔ ምን ልበላት?

የቀረን ውሃ ከኋላ የተቀመጡት አክስታችን እትዬ ውዴ ያቀፉት የጠበል ጀሪካን ብቻ ነው።

"እትዬ፣ እባክዎ..." አላቸው ወንድሜ።

"ጠበል ለመኪና? ታመመች እንዴ?"

"አዎ፣ ታማለች!"

"እንካ! ለልጅቱ ብዬ እንጂ ለዚች ቀይ ጉድህ አይደለም።"

ደረስን! ቬሎው ተለበሰ፣ እልል ተባለ።

የሞጣው መካኒክ ሞተሩን አስነስቶ ከኋላ የሚወጣውን ነጭ ጭስ አየና "ውሃው ሞተሩ ውስጥ እየገባ ጭስ ሆኖ ይወጣል። መለዋወጫው ደግሞ እዚህ የለም" አለን።

እትዬ አማተቡ። "ጠበሌን አጨሰችው በሉኛ!"

ይኸው በምን እንደምንመለስ ሳናውቅ እየጨፈርን ነው። እናንተንስ በሰርግ ቀን መኪና ምን አድርጋችሁ ታውቃለች? እስኪ አውሩን!